ተረት፣ አሻንጉሊትና ዜማ በመዋዕለ ሕፃናት፦ ለመምህራንና ለአሠልጣኞች የአሠራር መመሪያ

በብዙ መዋዕለ ሕፃናት መዝሙርና ድራማ ትዝ የሚሉት የወላጆች ቀን ሲደርስ ነው። ለሳምንታት ልምምድ ይደረጋል፤ ጥቂት ደፋር ልጆች መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ የቀሩት ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ይህ መመሪያ ለዚያ አልተዘጋጀም። እዚህ ተረት፣ ድራማ፣ አሻንጉሊትና ዜማ የየዕለቱ ማስተማሪያ ናቸው። ተመልካች የለም፤ ሁሉም ልጅ ያደርጋል። የአምስት ዓመት ልጅ «አራት»ን ከመጻፉ በፊት ከአራት ጫጩቶች አንዱ ሆኖ ይቁም፤ «ሥር» የሚለውን ቃል ነጠላ ሥር ገብቶ ይወቀው። መምህርቷም እንዲሁ ናት፤ ስለ ድራማ ሲነገራት ውላ ድራማ አታስተምርም፣ ራሷ መሥራት አለባት።

መመሪያው የሚናገረው ስለ ኢትዮጵያ መዋዕለ ሕፃናትና ከ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ስለተስፋፉት ኦ-ክፍሎች (ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ስለሚማሩባቸው ክፍሎች) ነው። ስለዚህ የሚነሣው ካለው ነገር ነው፦ አንድ መምህርት፣ እስከ 50 የሚደርሱ ልጆች፣ ዴስክ የበዛበት ክፍል፣ ለዕቃ መግዣ የተመደበ ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤት።

ቦታውና ዕቃው

ዴስኩን ወደ ግድግዳ አስጠግታችሁ መሬቱ ላይ በጠመኔ ክብ ሥሩ። ከዳር እስከ ዳር 5 ሜትር የሆነ ክብ 25 ልጅ ተመቻችቶ ይቀመጥበታል። ልጆቹ 50 ከሆኑ ከዚያው ክብ ውጪ ሌላ 6 ሜትር ተኩል የሚሆን ክብ ጨምሩ፤ የውስጦቹ ሲጫወቱ የውጪዎቹ ድምፅ ይሠራሉ (ዝናብ፣ ነፋስ፣ ጭብጨባ)፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ ይለዋወጣሉ። የውጪዎቹን «ዝም ብላችሁ ተመልከቱ» ካላችኋቸው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መገፋፋት ይጀምራሉ፤ ሥራ ያለው ልጅ ግን አይገፋም። ክፍሉ ካልበቃ ዛፍ ጥላ ሥር ውጡ። ፀሐይዋ ከልጆቹ ጀርባ ትሁን፣ በመምህርቷ ፊት በኩል። በተቃራኒው ከሆነ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሟት።

ከበሮ የሚሆነው ትልቁ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። የፕላስቲክ ክዳኑ እንዳለ ይመታል፤ የውስጥ ጠርዙ ስለት ካለው በፕላስተር ይሸፈን። ለሚንሿሿው መሣሪያ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሰዱና ሩቡን ያህል ምስር ወይም ደቃቅ ጠጠር ጨምሩበት። ከዚያ በላይ ከሞላ ድምፁ ይታፈናል። ክዳኑን በኮላ አጣብቃችሁ በፕላስተር ደጋግማችሁ ጠቅልሉት፤ ልጅ ከከፈተው ፍሬው አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል። በየሳምንቱ አንድ በአንድ ፈትሿቸው። ለ50 ልጅ 12 ይበቃል፣ በየተራ ይዳረሳል። ሌላው ዕቃ አንድ ነጠላ፣ ጥቂት ቁርጥራጭ ጨርቅና ሁለት ሰሌን ነው።

ከበሮው ከዘፈኑ ይልቅ ለምልክት ነው የሚያስፈልገው፤ የመምህርቷን ጉሮሮ የሚያድናት እሱ ነው። ሦስት ምልክት ብቻ ይኑር፦ ቀስ ያለ ሁለት ሁለት ምት «ተንቀሳቀሱ»፣ አንድ ጠንካራ ምት «ባላችሁበት ቀጥ»፣ ለስላሳ ተከታታይ ምት «ወደ ክቡ ተመለሱ»። የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉውን ለነዚህ ብቻ ይዋል፣ በቀን አሥር ደቂቃ፣ ያለ ተረት፣ ያለ ድራማ። ይህን ሳምንት የዘለለች መምህርት ቀሪውን ዓመት ስትጮህ ትከርማለች።

የእጅ አሻንጉሊት አሠራር

የሚያስፈልገው ወፈር ያለ የአዋቂ ረጅም ካልሲ፣ ካርቶን፣ ሁለት ቁልፍ፣ መርፌና ክር፣ ኮላና ለምላስ የሚሆን ቀይ ጨርቅ ነው።

1. ካርቶኑን 14 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት አድርጋችሁ እንደ እንቁላል ቅርጽ ቁረጡና መሐሉን እጠፉት። ይህ አፉ ነው።
2. ካርቶኑን ካልሲው ውስጥ እስከ ጣቶቹ መጨረሻ አስገቡ። ከእጥፋቱ በላይ አራት ጣት፣ ከእጥፋቱ በታች አውራ ጣት ይግባ። ከፊት ያለውን ጨርቅ ወደ እጥፋቱ ጎድጉዱት።
3. እጃችሁን አውጥታችሁ የጎደጎደውን ጨርቅ ከካርቶኑ ጋር በኮላ አጣብቁ፤ አፉን በመቆንጠጫ ወይም በከባድ ነገር ተጭናችሁ አሳድሩት። ሳይደርቅ ከተጫወታችሁበት አፉ በሦስተኛው ቀን ይላቀቃል። የአፉን ሁለት ጥግ በክር ጠበቅ አድርጉ።
4. ምላሱን ለጥፉ። ቁልፎቹን ዓይን አድርጋችሁ ስፉ። ማጣበቅ አይበቃም፤ የተጣበቀ ቁልፍ ይወድቃል፣ የወደቀ ቁልፍ ሕፃን አፍ ውስጥ ይገባል።

ዓይኖቹ የሚቀመጡበት ቦታ ሁሉን ይወስናል። ከአፉ ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ራቅ ብለው፣ እርስ በርስ ተቀራርበው ይሰፉ። ወደ ኋላ ከሸሹ አሻንጉሊቱ ጣራ ጣራ ያያል፤ ልጆቹን የማያይ አሻንጉሊት ደግሞ ልጆቹም አያዩትም።

ስታናግሩት በየቃሉ አውራ ጣታችሁን ወደ ታች ክፈቱ። ላይኞቹን አራት ጣቶች ወደ ላይ ካነሣችሁ ሊናከስ የመጣ ይመስላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሱ ሲናገር እናንተ እሱን እዩት። የመምህርቷ ዓይን ወደየት እንደሄደ ልጅ ይከተላል፤ ልጆቹን ካየቻቸው እነሱም እሷን ነው የሚያዩት። ከንፈር ሳያንቀሳቅሱ መናገር አያስፈልግም። ድምፁን ትንሽ ቀጠን አድርጉት እንጂ ጉሮሯችሁን አታስጨንቁ። ከሦስት ደቂቃ በላይ አታቆዩት፣ ክንድ ይደክምና አሻንጉሊቱ ያንቀላፋል።

ስሙን ቡቺ በሉት እንበል። ቡቺ አዋቂ አይሁን። መምህርቷ የምታውቀውን የማያውቅ፣ የሚሳሳት፣ ልጆቹ የሚያርሙት ይሁን። «አንድ፣ ሁለት፣ አምስት!» ብሎ ሲቆጥር ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይነሣበታል። በመምህርቷ ጥያቄ ላይ ዝም የሚለው ልጅ ቡቺን ለማረም ግን ይናገራል፤ ከትልቅ ሰው ፊት መሳሳት ያስፈራል፣ ከራስ ያነሰን ማስተማር ግን ያስደስታል። ልጅ ቡቺን በትክክል እንዲያርም የሚያስችለው ስሕተት ብቻ ምረጡ። ገና ያልተማሩትን ነገር ከተሳሳተ ስሕተቱን ይማሩታል።

አንድ ትምህርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፦ ዶሮዋና ጫጩቶቿ

ዓላማው እስከ አምስት መቁጠር፣ «ስንት ቀረ?»ን መረዳትና «ሥር፣ ኋላ፣ ላይ» የሚሉትን ቃላት ማወቅ ነው። ጊዜው 30 ደቂቃ። የአራት ዓመት ልጆች ብቻ ከሆኑ ወደ 20 ዝቅ ይበል፤ ለእነሱ አንድ ክስተት ያለው ተረት ይበቃል።

ዘወትር በአንድ ዓይነት ክፈቱ። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ በነበሩባቸው ዓመታት ሰላምታቸው አይለወጥም ነበር፤ ልጅ የለመደውን መክፈቻ ሲሰማ ሰውነቱ ለመስማት ይዘጋጃል። «ተረት ተረት!» «የላም በረት!» ከበቂ በላይ ነው። መልሱ ካልሞቀ ድገሙት፤ ሦስተኛው ላይ በሹክሹክታ ጠይቁና በሹክሹክታ ያስመልሱ፣ ክፍሉ ራሱ ጸጥ ይላል። ከዚያ ሦስት ደቂቃ ሰውነት ማፍታታት፦ እንቁላል ውስጥ ተጠቅልሎ መቀመጥ፣ በምንቃር መሰንጠቅ፣ አንድ ክንፍ፣ ሁለተኛው ክንፍ፣ መነሣት። እዚህ እስክስታም ይገባል፤ ትንንሾቹ ሁለቱን ትከሻ አንድ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ያድርጉ። ግራና ቀኙን ማፈራረቅ ለአብዛኞቹ የአራት ዓመት ልጆች ገና ነው።

ተረቱን ስትነግሩ መጽሐፍ አትያዙ፤ እጃችሁ ይፈለጋል።

«አንዲት ዶሮ ነበረች። አምስት ጫጩቶች ነበሯት። ጠዋት ጠዋት ትቆጥራቸዋለች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አንድ ቀን ጥሬ ሲለቅሙ ከላይ ጥላ አለፈ። ጭልፊት! ዶሮዋ ክንፏን ዘረጋች፣ ‹ኑ! ከክንፌ ሥር ግቡ!› አለች። ጭልፊቱ ዞረ፣ ዞረ፣ ሄደ። ዶሮዋ እንደገና ቆጠረች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...»

እዚህ ላይ አቁሙ። ዝም በሉ። ሦስት እስክትቆጥሩ ድረስ በልባችሁ ጠብቁ። ያለ ጥርጥር አንድ ልጅ «አንዱ የለም!» ይላል። መልሱን ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ትምህርቱን ከእጃቸው ነጠቃችኋቸው፤ በዚህ ሥራ አስቸጋሪው ክህሎት ይህ ዝምታ ነው፣ ልምድ ያላት መምህርት እንኳ ትቸኩላለች።

አሁን ነጠላውን ልበሱ። «ይህን ስለብስ ዶሮ ነኝ፣ ሳወልቀው ቲቸር ነኝ» ብላችሁ ለብሳችሁም አውልቃችሁም አሳዩ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ መምህርቷ መቼ ሌላ እንደሆነች በግልጽ ምልክት ካላወቀ ወይ ይፈራል ወይ ያላግጣል። መካከለኛ ሁኔታ አይኑር፤ ነጠላውን ለብሳችሁ «አቤል፣ ተቀመጥ!» ካላችሁ ጨዋታው ፈረሰ። ሥርዓት ማስያዝ ካስፈለገ አውልቁ፣ ተናገሩ፣ እንደገና ልበሱ።

ልጆቹ በሙሉ ጫጩት ናቸው። ሁለት ሁለት ምት ሲሰሙ ጥሬ ይለቅማሉ፤ አንድ ጠንካራ ምት ሲሰሙ ቀጥ ይላሉ። ከዚያ በየተራ አምስት አምስት እየሆኑ ወደ ነጠላው ይመጣሉ። ሌሎቹ የእነሱን ቁጥር በጣታቸው ያሳያሉ። አንዱን ጫጩት ከሰሌኑ ኋላ ደብቁትና «ስንት ቀሩኝ? የጠፋው የት ነው፣ ከሰሌኑ ሥር ነው ወይስ ከኋላው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቦታውን በቃል እስኪናገሩ ድረስ ዶሮዋ አታገኘውም፤ በጣት መጠቆም አይበቃትም። በሁለተኛው ቀን ሁለቱን ደብቁ።

ጭልፊት የሚሆን ልጅ አይመረጥ፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት። ጭልፊቱ የከበሮ ድምፅና የመምህርቷ ክንድ ጥላ ይሁን። ልጅ ጭልፊት ከሆነ ማሳደድ፣ ቀጥሎ መምታት ይመጣል፤ ትንንሾቹ ያለቅሳሉ፣ ትምህርቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ከዚያ ዶሮዋ ምክር ትጠይቅ፦ «ልጆቼን ከጭልፊት እንዴት ላድናቸው? ምን ይሻለኛል?» የሚሰጠውን ሐሳብ ሁሉ በተግባር አድርጉት። «ቤት ሥሪ» ካሉ በእጃቸው ቤት ይሥሩ። «ጩኺ» ካሉ ይጩኹ። «ጭልፊቱን እንግደለው» የሚል አይጠፋም። አትቆጡት። ዶሮዋ «እኔ መብረር አልችልም፤ መሬት ላይ ሆኜ ምን ላድርግ?» ትበለው፤ ሌላ መንገድ ራሱ ይፈልጋል።

የጠፋው ጫጩት ሳይገኝ ተረቱን አትዝጉ። ጥያቄ ተንጠልጥሎ ቢቀር ለትልቅ ሰው ይጥማል፤ የአራት ዓመት ልጅ ግን ማታ እንቅልፍ ያጣበታል። ሁሉም ተቆጥረው አምስት ሲሞሉ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላችሁ ነጠላውን እጠፉ። በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ልጆቹ ዶሮዋንና ጫጩቶቿን በጠመኔ መሬት ላይ ወይም በወረቀት ይሣሉ። ስትዞሩ «ቆንጆ ነው» ከማለት «ስንት ጫጩት ሣልሽ? የቱ ነው የጠፋው?» ብትሉ ብዙ ትሰማላችሁ።

ፊደል በሰውነት

የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደልን የለየው በዜማ፣ በስንጥር እየጠቆመ ነው። የኔታዎች ግን ዜማ ብቻውን እንደሚያታልል ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ፤ ተራው ተዘበራርቆ፣ ልጁ የቃል ልማድ ይዞት እንዳይሄድ። ዛሬ በብዙ ክፍል የቀረው ይህ ሁለተኛው እርምጃ ነው። ልጆች «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ»ን እንደ ዘፈን ይወጡታል፣ ሌ ብቻዋን ስትታይ ግን ከለ ጀምረው ካልቆጠሩ አያውቋትም።

ለሰባቱ ድምፆች ሰባት አቋም ስጧቸው፣ አፉ የሚሠራውን ሰውነቱ እንዲሠራ። ለ፦ እጆች ጭን ላይ። ሉ፦ ከንፈር ይሾላል፣ እጆች ወደ ፊት ይዘረጋሉ። ሊ፦ ከንፈር ወደ ጎን ይለጠጣል፣ እጆችም ወደ ጎን። ላ፦ አፍ ይከፈታል፣ እጆች ወደ ላይ ተከፍተው። ሌ፦ እጆች ጉንጭ ላይ። ል፦ አጭር ናት፣ ሁለት ጭብጥ ደረት ላይ። ሎ፦ ክንዶች ከራስ በላይ ክብ ይሠራሉ። መጀመሪያ በተራ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ አዘበራርቁ። ቀጥሎ ድምፅ ሳታሰሙ አቋሙን ብቻ አሳዩ፣ ድምፁን እነሱ ያውጡ። በመጨረሻ ፊደሉ የተጻፈበትን ካርድ ብቻ ከፍ አድርጉ፣ አቋሙንም ድምፁንም ራሳቸው ያምጡ። እዚህ ሳይደረስ ፊደል ታወቀ አይባልም።

በለ፣ በመ ወይም በበ ጀምሩ። በሀና በአ አትጀምሩ፤ የእነዚህ ግዕዙና ራብዑ (የመጀመሪያውና አራተኛው) ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ሁለት አቋም ለአንድ ድምፅ ይሆንና ልጁ ግራ ይጋባል። በሳምንት ከሁለት በላይ አዲስ የፊደል ዘር (እንደ ለ ሉ ሊ ያለ ረድፍ) አታምጡ።

ዜማ

አዲስ መዝሙር ከአራት ስንኝ አይብለጥ። መጀመሪያ ቃሉን ትታችሁ ዜማውን ብቻ በ«ላላላ» አሰሙ፤ ቀጥሎ ስንኝ በስንኝ እናንተ በሉ፣ እነሱ ይድገሙ፤ ከበሮው የሚገባው ዜማው ከተያዘ በኋላ ነው። ቀድሞ ከገባ ልጆቹ ከበሮውን ለመብለጥ ይጮኻሉ እንጂ አይዘምሩም። ወንድ መምህራን በራሳቸው ድምፅ ሲጀምሩ ለልጆች በጣም ይወርዳል፤ ልጆቹ ሲነጋገሩ ከሚያሰሙት ድምፅ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ጀምሩ።

ለእጅ መታጠቢያ ይህን ሞክሩ። መጀመሪያው የመምህርቷ ነው፣ መልሱ የልጆቹ፦

ውሃ ውሃ! — ና ወደ እጄ
ሳሙና ሳሙና! — ና ወደ እጄ
ቆሻሻ ቆሻሻ! — ሂድ ከደጄ
ምሳ ምሳ! — ና ወደ እጄ

ሦስተኛው ላይ መልሱ የሚቀየረው ሆን ተብሎ ነው። የማያዳምጥ ልጅ ቆሻሻውንም «ና» ይለዋል፤ ሁሉም ይስቃሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጆሮው ይቆማል። እጅ ለመታጠብ 20 ሰከንድ ያህል ያስፈልጋል፤ መዝሙሩን ረጋ ብላችሁ ሁለት ጊዜ ካላችሁት ይሞላል።

በአካባቢው ከበሮና ጭፈራ ለሕፃናት አይሆንም የሚሉ ወላጆች ካሉ ክርክር አትግጠሙ። በጭብጨባ፣ በተረትና በእንቆቅልሽ ዓመቱን ሙሉ መሥራት ይቻላል። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» የማይወድ ቤት የለም፤ ያላወቀው አገር ሲሰጥ የአገር ስምም ይማራል። ልጆቹ ቤታቸው የሚናገሩት ሌላ ቋንቋ ከሆነ ደግሞ የዶሮ ጥሪውን፣ ሰላምታውንና ቁጥሩን በየቋንቋቸው አምጡ። ድራማ ውስጥ እጅና ፊት ስለሚናገሩ አማርኛው ያልሞላለት ልጅም ከጨዋታው አይቀርም።

የሚበላሸው የት ነው

ዓይን አፋሩን ልጅ ወደ መሐል መጎተት የመጀመሪያው ጥፋት ነው። «ና፣ አትፍራ» ሲባል ይበልጥ ይፈራል። ድምፅ ይሥራ፣ ነጠላውን ይያዝ፣ ጠመኔውን ያቀብል፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይነሣል። እስኪነሣ ወራት ቢፈጅም ግዴለም። ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ጭንብል አትጠቀሙ፤ ትንንሾቹ ከጀርባው ሰው መኖሩን ይዘነጋሉ። ነብር ከፈለጋችሁ ሁለት ጆሮ በራስ ማሰሪያ ላይ ይበቃል፣ ፊቱ ይታይ።

መስማት የተሳነው ልጅ ካለ የከበሮውን ምልክት ከእጅ ምልክት ጋር ሁሌም አጣምሩ፣ ለሁሉም ልጆች። ለእሱ ብቻ ካደረጋችሁት ተለይቶ ይታያል። የማያይ ልጅ ቡቺን ከትምህርቱ በፊት በእጁ ዳስሶ ይወቀው፣ ነጠላውንም ይልበሰው።

«ቀጥ» ሲባል የማይቆሙ ከሆነ ምልክቱ አልተለመደም ወይም ጨዋታው ረዝሟል። ልጆቹ መምህርቷን ብቻ የሚያዩ ከሆነ እሷ በዝታለች፤ ትወናዋን ትቀንስ። ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ልጆች የሚመረጡ ከሆነ ስም በተጻፈባቸው ካርዶች ዕጣ ይውጣ። ኦ-ክፍሉ ከአንደኛ ክፍል ጋር ግድግዳ የሚጋራ ከሆነ ከበሮውን በእነሱ የስፖርት ወይም የዕረፍት ሰዓት አድርጉ። አለበለዚያ ቅሬታው ርእሰ መምህሩ ዘንድ ይደርስና ከበሮው ይከለከላል።

መምህራንን ማሠልጠን

ሦስት ተከታታይ ቀን፣ ከ24 የማይበልጡ ሠልጣኞች፣ ሁለት አሠልጣኞች። ከአንድ ትምህርት ቤት አንድ መምህርት ብቻ አትጥሩ፤ ብቻዋን ተመልሳ ብቻዋን ትዘፍናለች፣ ባልደረቦቿ ይስቃሉ፣ ትተወዋለች። ሁለት ይምጡ። ቦታው የጉድኝት ማዕከሉ (በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች የሚሰባሰቡበት) ትምህርት ቤት ቢሆን ይመረጣል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ እውነተኛ ልጆች ያስፈልጋሉና።

የመጀመሪያው ቀን ወንበር የለውም። ንግግርም፣ ፕሮጀክተርም የለም። ሠልጣኞቹ ክብ ሠርተው ስማቸውን ከአንድ የሰውነት እንቅስቃሴ ጋር ይናገሩ፣ ሌላው ይድገመው። ከዚያ በልጅነታቸው የተጫወቱትን ያምጡ፦ አኩኩሉ፣ መሀረቤን ያያችሁ፣ ሰኞ ማክሰኞ። ሠልጣኞች ለዚህ ሥራ እንግዳ አለመሆናቸውን የሚያውቁት እዚህ ነው። ከየጨዋታው በኋላ «ልጁ እዚህ ምን ተማረ?» ተብሎ ይጠየቅ፦ መቁጠር፣ ተራ መጠበቅ፣ ቦታ መለየት። «ድምፄ አያምርም» የምትል ሁሌም አለች፣ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ገፋ ያለችው። በመጀመሪያው ቀን ማንም ብቻውን አይዘምር፤ ሁሉም በኅብረት። ከሰዓት በኋላ የድምፅ አጠባበቅ፦ በአፍንጫ አየር መሳብ፣ በአንድ ትንፋሽ ከአንድ እስከ አሥር ረጋ ብሎ መቁጠር፣ ከንፈር ገጥሞ «ምምም» ማለት። ትከሻ ወደ ላይ ከተነሣ ትንፋሹ አጥሯል ማለት ነው። ለማስተማር ሲጀምሩ ጉሮሮ ከከረከረ ውሃ መጠጣትና ድምፅ መቀነስ እንጂ መጮህ አይገባም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አሠልጣኟ የዶሮዋን ትምህርት ሠልጣኞቹን ጫጩት አድርጋ ሙሉውን ታስተምራለች፣ ሳታቋርጥ፣ ሳታብራራ። ከዚያ ቁጭ ብለው እርምጃዎቹን ራሳቸው ወደ ኋላ ይጻፉ። ቀድሞ ጽሑፉን ከሰጣችኋቸው ወረቀቱን ነው የሚያዩት። ከምሳ በኋላ እያንዳንዱ ሠልጣኝ አሻንጉሊት ሠርቶ ይጨርስ፤ ያልተጨረሰ አሻንጉሊት ቤት ሄዶ ተሠርቶ አያውቅም። ኮላው እንዲያድር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፣ በማግሥቱ ይለማመዱበታል።

በሦስተኛው ቀን ከ12 እስከ 15 የሚሆኑ ልጆች በየቡድኑ ይመጣሉ፣ እያንዳንዱ ጥንድ አሥር ደቂቃ ያስተምራል። የሚከታተሉት መምህርቷን ሳይሆን አንድ የተመደበላቸውን ልጅ ይመልከቱ። ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ልጁ ምን አደረገ? ምን ተናገረ? ዓይኑ መቼ ሸሸ? በአስተያየት ሰዓት «ጥሩ ነበር» እና «ደካማ ነበር» የተከለከሉ ናቸው፤ ስለ ልጁ የታየው ብቻ ይነገር። ይህን ደንብ በጥብቅ ያዙት። መምህራን በሱፐርቪዥን መገምገም ለምደዋል፤ ስለ ራሳቸው ሲነገር ይከላከላሉ፣ ስለ ልጁ ሲነገር ያስባሉ። ርእሳነ መምህራኑን የምትጠሩት ለዚህ ቀን ነው፣ ለመክፈቻ ንግግር አይደለም።

ሥልጠናው ከዚህ በኋላ ነው የሚፈተነው። ብዙዎች ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያቆማሉ፤ ምክንያቱ በአብዛኛው ስንፍና አይደለም። ወላጅ ደብተሩን ገልጦ «ልጄ ዛሬ ምን ጻፈ?» ብሎ ይመጣል፣ ርእሰ መምህሩም ወደ ደብተሩ ይገፋል። መድኃኒቱ የመገናኛ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ማስፈር ነው፦ «ዛሬ ከአምስት ጫጩት አንዱ ሲጠፋ ስንት እንደሚቀር ተምረናል። ማታ ተረቱን ይጠይቁት።» ልጁ ማታ ቤት ውስጥ ዶሮ ሆኖ ሲቆጥር ያየ ወላጅ በማግሥቱ አይከራከርም። የወላጆች ቀንም ይለወጥ፦ የተጠና ትርኢት ከማሳየት ወላጆቹን ከልጆቻቸው ጋር ክቡ ውስጥ አስገብታችሁ አንድ እውነተኛ ትምህርት ስጡ።

የአንድ ትምህርት ቤት ጥንድ በየሁለት ሳምንቱ አንዷ የሌላዋን ክፍል ለ20 ደቂቃ ትመልከት፣ በዚያው የሦስት ጥያቄ ወረቀት። ይህ በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ዕቅዳቸው ውስጥ ይግባ፤ በዓመት ከሚጠበቀው 60 ሰዓት የሚቆጠር ሥራ ከሆነ ርእሰ መምህሩ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ካልሆነ ግን ከሻይ ሰዓት ጋር ይጋጭና ይቀራል። አሠልጣኟ በአንደኛው ወርና በሦስተኛው ወር ክፍል ድረስ ትሂድ። ስትሄድ ወንበር ይዛ ኋላ አትቀመጥ፣ ክቡ ውስጥ ገብታ ጫጩት ትሁን፤ ልጆቹም መምህርቷም ይረሷታል፣ ያኔ እውነተኛውን ክፍል ታያለች።

አሻንጉሊቶቹን በየሁለት ሳምንቱ እጠቡ፤ ካርቶኑ እንዳይርስ አፉን ከውጪ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ፣ የቀረውን በሳሙና። ልጆች ይስሟቸዋል፣ ጉንፋንም በዚያው ይዛመታል። ሲያረጅ ቁልፎቹን ፈትታችሁ ለአዲሱ አስቀሩ።